ልጃቸውን ከመንገድ ያስቀሩት የወይዘሮ ማዕረግ ገብረማርያም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማዕረግ ከአባታቸው ከአቶ ገብረማርያም ሰጠኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉአለም ተገኘ በ1968 ዓ.ም. በመተማ ቆላ ሽንፋ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጎጃም ደጋ ወርደው ቆላውን አቅንተው የኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ማዕረግ እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረዋል፤ ከዚያ በላይ ያልቀጠሉት ትምህርት ጠልተው ሳይሆን ወባ ደጋግሞ ስለጣላቸው ነው። በ1994 ዓ.ም. ከአቶ ያረጋል ቢያድግልኝ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ገንዳ ውሃ ኑሯቸውን መሠረቱ፤ ምንይችልንና ሃይሚንም ወለዱ።

እህታችን ፈሪ ነበሩ። ይህን በቀብራቸው ቀን መናገር ነውር የሚመስለው ካለ፣ እሳቸው ራሳቸው ሳይሸሽጉ የኖሩት ነገር መሆኑን ይወቅልን። ሰሊጥ ሲታጨድ ከነዶው ሥር እባቡን፣ ክረምት ሲገባ ወባውን፣ ኋላ ደግሞ ጥይቱንና እገታውን ይፈሩ ነበር። በር ቆልፈው ከወጡ በኋላ ተመልሰው ይፈትሹታል። እኛ ወንድሞቻቸው ብንስቅባቸውም፣ የፈሩት ነገር ብዙውን ጊዜ ደርሷል።

በ2015 ዓ.ም. ሃይሚ በደቡብ በሚገኘው ኪዳነ ሰላም የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ለመማር ተቀባይነት ስታገኝ ደስታው ቀርቶ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሃይማኖቷን ያስለውጧታል፣ በጾም ሥጋ ያበሏታል፣ ታማ ብትወድቅ የሚያነሳት የለም ብለው እናቷ አለቀሱ። ባለሱቋ ጎረቤታቸው ወይዘሮ መጂዳ፣ «ማዕረግ፣ ሄደሽ በዓይንሽ ካላየሽ አታርፊም። ተነሽ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» ብለው ከነሃይሚ አስነሷቸው።

ግቢውን ያዩት ቤት እንደሚገዛ ሰው ነው። የሴቶቹ ማደሪያ ገብተው የመስኮቱን ብረት ነቀነቁ። ምግብ ቤት ገብተው ድስት አስከፈቱ፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ሽሮና ጎመን አገኙ። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች እሑድ ወደ ደብራቸው፣ ሙስሊሞቹ ዓርብ ወደ መስጊዳቸው እንደሚሄዱ ከተማሪዎቹ አፍ ሰሙ። ቤተ መጻሕፍቱን አዩ፤ ተማሪዎች በአሻንጉሊት ሰው ላይ መርፌ መውጋት የሚለማመዱበትን ክፍልም አዩ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሆስፒታል ወጥተው በሽተኛ እያስታመሙ እንደሚማሩ ሲነገራቸው ልባቸው መለስ አለ።

ከዚያ ወደ ስፖርት ሜዳው ሄዱ። ተማሪዎች ለሩጫ ውድድር ተሰልፈው ነበርና የማስጀመሪያው ሽጉጥ ተተኮሰ። ማዕረግ ሃይሚን ጎትተው መሬት ላይ ተደፉ፤ ወይዘሮ መጂዳም ተከተሏቸው። መተማ ላይ ተኩስ ሲሰማ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ማዕረግ ግን ልጃቸውን ከሥራቸው ይዘው አልነሳም አሉ። የተማሪዎቹ ኃላፊ የሆኑት መነኩሲት መጡና ለነጭ ቀሚሳቸው ሳይሳሱ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። «እናቴ፣ እርስዎ እስኪነሱ እኔም አልነሳም» አሏቸው። ብዙ ቆዩ። እህታችን ልጃቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ያን ዕለት፣ ከዚያ ሣር ላይ ሲነሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሩቋ ገለጉ ከተማ ሳይቀር ልጅ ያላቸው እናቶች እየመጡ ስለ ግቢው ይጠይቋቸው ነበር። ሃይሚም በዚያው ሜዳ ሯጭ ሆና አረፈችው! ውድድር ባላት ቀን እናቷ ስልክ ታቅፈው ይውላሉ።

መንገዱ በተኩስና በእገታ ከከፋ በኋላ ሃይሚ ለክረምት ዕረፍት እንኳ ቤቷ አልመጣችም። ማዕረግ ኩላሊታቸውን ታመው በገንዳ ውሃና በጎንደር ሲታከሙ ሕመማቸውን ከልጃቸው ደበቁ፤ ስትደውል ድምፃቸውን አጠንክረው ስለ ሰሊጡ ያወሯታል። በመጨረሻም ሁላችንንም አስምለው ተናዘዙ፦ «ሳልቀበር እንዳትነግሯት። ከሰማች ትመጣለች፤ ከመጣች ከመንገድ ትቀርብኛለች።»

ወይዘሮ ማዕረግ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ምንይችልና ወንድሞቻቸው እዚህ ቆመናል። ሴት ልጃቸው የት ናት ለምትሉ፣ ሃይሚ ከላይ በተገለጸው ግቢ የመጨረሻ ዓመቷን እየተማረች ነው። እናቷ መሞታቸውን አታውቅም። መርዶዋን ነገ ማለዳ እኚያው መነኩሲት ያረዷታል፤ አጠገቧ ተቀምጠው እንደሚቆዩም ቃል ገብተውልናል። እስከዚያ ይህን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ በስልክ እንዳትለቁት እንለምናችኋለን። ሃይሚ ይቅር እንዳትለን እንፈራለን፤ መንገዱን ግን ከዚያ ይበልጥ እንፈራለን።

በአገራችን ወግ ሟች በተኩስ ይሸኛል፤ እኛም መሣሪያችንን ይዘን መጥተናል። ነገር ግን ዛሬ ማንም ቃታ እንዳይስብ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን፣ የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ያሳርፍልን፤ ልጃቸውንም ይጠብቅልን። እህታችን ዕድሜ ልካቸውን ተኩስ ሲሰሙ ደንግጠዋልና፣ ዛሬ በጸጥታ እንሸኛቸው።