አምስት ዓመት ሙሉ ቀለም ለተማረችው ልጅ

ለክቡር አቶ ቬሊን ራዶይኮቭ፣ የአውራጃችን ትምህርት ቢሮ ኃላፊ፤

የልጅ ልጄ ሲልቪና እንግሊዝኛ ላለማወቋ ተጠያቂው እርስዎ ነዎትና ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ጉልበትዎ ይበርታ፣ ድምፅዎም አይዘጋ፤ በየመስከረሙ በትምህርት ቤታችን ደጃፍ ቆሞ ንግግር ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም።

እኔ የዚሁ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ «የሮማዎች ሰፈር ሰው ናት» ብለው ይለፉኝ፤ ሌላው ሰው ጂፕሲ የሚለንን እኛን እንዲህ እያሉ ማለፍ ለቢሮዎ አዲስ አይደለም። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ለሰፈራችን ልጆች እንግሊዝኛን ለማሻሻል የወጣውን ዕቅድ በከፈቱ ዕለት፣ ትምህርቱ እንደ ውሃ ይፍሰስ ብለው፣ እንደ ልማዳችን ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ውሃ የሞላ ማሰሮ በእግርዎ ስለገለበጡልን አመሰግናለሁ። ውሃው በእርግጥ ፈስሷል፤ የወለወልኩት እኔ ነኝ።

2. በአምስት ዓመት አምስት አስተማሪ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። አንዱ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ አንዷ የገና በዓል ሳይደርስ ጀርመን ሄደች፤ የቀሩትን ልጆቹ እንኳ በስም አያስታውሷቸውም። ሁሉም ግን መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ፣ ምክንያቱም የቢሮዎ መመሪያ አዲስ መምህር ከአንድ ይጀምራል ይላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ቀለማት ነው። ስለዚህ ሲልቪና ቀይን አምስት ጊዜ፣ አረንጓዴንም አምስት ጊዜ ተማረች።

3. ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ቢሮዎ ጉዳዩ የትምህርት ቤቱ ነው አለ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የቢሮው ነው አለ፤ በመካከላችሁ ይህን ያህል መከባበር በማየቴ ደስ ብሎኛል።

4. የሲልቪና እናት ጥቁር ባሕር ዳር ባለ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። ልጅቷ ግን እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ጋ መቆም ነበር ምኞቷ፣ ለዚህም የከተማውን የሆቴል ሙያ ትምህርት ቤት መግቢያ በሰኔ ተፈተነች። ፈታኞቹ በእንግሊዝኛ ስለ ራስሽ ንገሪን አሏት። ባዶ እጄን አልወጣም ብላ የምታውቀውን ሰጠቻቸው፦ የፈታኟን ሻርፕ ቀለም፣ የመጋረጃውን፣ የገዛ ጫማዋን። ውጭ ሆኜ ስጠብቃት በሩ ክፍት ነበርና ሲስቁ ሰማሁ። አንዷ ፈታኝም እንግሊዝኛውን ትታ በአገራችን ቋንቋ፣ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ለመኝታ ቤት ጽዳት እንግሊዝኛ አይጠየቅም» ስትል ሰማሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «አያቴ፣ አንዱንም እኮ አልሳትኩም» አለችኝ። እኔ በስተርጅና ከተማርኩት ፊደል ሁሉ ለዚህ መልስ የሚሆን አጣሁ፤ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

እርስዎ በሚረግጡት ወለል ላይ ዘወትር የምጎነበስ፣

ዳፊንካ ሚሮቫ

ተጨማሪ ቃል፦ ፈተናውን ያላለፈችው ልጅ በሚመጣው ዓመት እንደገና ልትፈተን እንደምትችልና እስከዚያም አዲስ መምህር እንደሚመደብላት የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለራሴ አነበብኩት፤ ለእርሷ ግን አላነበብኩላትም። ከእንግዲህ በእርስዎ ቃል ልጅ አላጽናናም።