ወይን ጠጁ ቀለም እስኪጸና

ማክሰኞ፣ የወሩ ዐሥራ ሁለተኛ ቀን

ለልጄ፣

በሰባት ሰው ፊት «አባቴ አርጅቷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከእንግዲህ የሚያወጣው ቁጥር አይታመንም» ብለሽ ከላቦራቶሪው እንድወጣ ፈርመሻል። ኃላፊዋ አንቺ ነበርሽ። ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ገብቼ፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ እያነበብኩ ሥራውን ለራሴ ካስተማርኩበት ቤት፣ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ በልጄ ፊርማ ወጣሁ። አንቺም በሳምንቱ ለትምህርት ባሕር ተሻገርሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ ያልጻፍኩልሽ በዚህ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። «ዛሬ ካልጻፍክላት እኔና አንተ አንተዋወቅም» ብላ ወረቀቱን ፊቴ ያስቀመጠችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ባለፈው ወር ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር አዋላጇ ቤቴ መጣች። ከላይ ወርቅ አጣቢዎቹ በሜርኩሪ እንደሚሠሩ፣ ከታች መንደርተኛው ከዚያው ወንዝ ዓሣ እንደሚበላ ታውቂያለሽ። የእናቶቹን ፀጉር ሜርኩሪው እንዲለካላት ወደ ላቦራቶሪው ልካ «ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም» ተብላለች። ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ አራገፈችው። ሃያ ስድስት ፖስታ ፀጉር ነበር።

«አባባ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው ይላል፤ ሕፃናቱ ግን እንደዚያ አይሉም። ሦስቱ አንገታቸውን ለማቅናት እንኳ ዘግይተዋል።»

«እኔ ጡረተኛ ነኝ» አልኳት።

«እኔ ደግሞ አዋላጅ ነኝ። አልወጣም ያለውን ማውጣት ሥራዬ ነው። ጫማዎን ያድርጉ!»

ምን ልበላት? ጫማዬን አድርጌ አብሬያት ላቦራቶሪው ሄድኩ።

አዲሱ ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው። የሚሠሩበትን መመሪያ አሳየኝ፤ የአንቺ ነው። የእኔ አሠራር ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ፀጉሩን በአሲድ አሟሟለሁ፤ ፐርማንጋኔት የሚባለውን ወይን ጠጅ ፈሳሽ እጨምራለሁ፤ ቀለሙ በጠፋ ቁጥር ደግሜ እየጨመርኩ፣ ሳይደበዝዝ እስኪጸና ድረስ ከሙቅ ውኃው ገንዳ አጠገብ አልነሳም። አንቺ ግን በአርባ ደቂቃ ጨርሰሽዋል። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥም መጠኑ የታወቀ የሜርኩሪ ጨው ጨምረሽ ለክተሻል። የጨመርሽው ሁሉ ሳይጎድል ተመልሶልሻል።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፣ ልጄ። የሜርኩሪው ጨው ለመትነን አያስቸግርም። በዓሣ በኩል ሰው ውስጥ የገባው ሜርኩሪ ግን ከካርቦን ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ፐርማንጋኔቱ ጊዜ አግኝቶ ካላላቀቀው ወደ ትነት አይለወጥም፤ መሣሪያሽ ደግሞ ትነቱን እንጂ ሌላ አያይም። መርዙ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ተቀምጦ «የለም» ይላል።

ይህን ስናገር መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሳቀ። ጥድፊያ የሚል ስም አውጥቼለታለሁ።

«አባባ፣ ዘመኑ ተለውጧል እኮ! ቁጭ ብሎ ቀለም ማየት ቀረ።»

«ዘመኑ መለወጡን ለሜርኩሪው ነግረኸዋል?» አልኩት።

ኃላፊው ክርክሩን ለመቁረጥ የፀጉር ዱቄት አወጣ። በአንድ ግራሙ ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ሜርኩሪ እንዳለ በሌላ አገር ባለሙያዎች ተለክቶ የታወቀ ነው፤ ቁጥሩን በፖስታ አሽጎ ኪሱ ከተተው። ጥድፊያ በአንቺ መመሪያ፣ እኔ በራሴ ጀመርን። እሱ ከምሳ በፊት ጨርሶ እግሩን ዘረጋ። እኔ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ጠብታ በጠብታ ለካሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል ያልሽው ውሸት አይደለም። ቀለሙ አራት ጊዜ ጠፋ፤ አራት ጊዜ መለስኩት። በአምስተኛው ጸና።

የጥድፊያ ውጤት ዜሮ ነጥብ አምስት። የእኔ አራት ነጥብ ሦስት። ፖስታው ተቀደደ፤ አራት ነጥብ አራት!

አዋላጇ እልልታዋን ስታቀልጠው መደርደሪያው ላይ ያሉት ብልቃጦች የሚረግፉ መሰለኝ። ጥድፊያ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበና «በቃ አባባ፣ ከነገ ጀምሮ ቀለም እያየሁ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለ። ወንድ ነው፤ ስሙን ሳልቀይርለት አልቀርም።

ሃያ ስድስቱንም ፖስታ አንድ በአንድ ለካን። የዐሥራ ዘጠኙ ሜርኩሪ ከፍተኛ ነው። ውጤቱን በስሜ ፈርሜ ሰጠሁ። ትናንት ወርቅ አጣቢዎቹ በሜርኩሪ እንዳይሠሩ ታገዱ፤ የእናቶቹ ዓሣ ከወርቅ አጣቢዎቹም በላይ ካለው ንጹሕ ኩሬ እየመጣ ነው፤ ሦስቱን ሕፃናት ሐኪም ይዟቸዋል። እናቶቹ እኔን አያውቁኝም፤ ማወቅም የለባቸውም። እኔ ግን ከገበያ ስመለስ መንገዱን ሁሉ እያንጎራጎርኩ ነው የመጣሁት፤ እናትሽ «ምን ነካህ?» እስክትል ድረስ።

ኃላፊው አዲሱን መመሪያ በእኔ ስም ብቻ ሊያወጣ ነበር። አይሆንም አልኩ። ፀጉሩን ማሟሟቱ የእኔ ነው፤ የትነቱ አለካክ ግን የአንቺ ነው፤ እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመት ያላየሁትን ጥቃቅን ያያል። ስለዚህ ስምሽ ከላይ፣ የእኔ ከታች ተጽፏል። እናትሽ ለምን እንደዚያ ሆነ ብትለኝ «የፊደል ተራ ነው» አልኳት። በፊደል ተራማ የእኔ እንደሚቀድም ታውቃለችና ሳቀችብኝ።

ትምህርትሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ። ስትጨርሺ ግን አትዘግዪ፤ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ማንም እንዳይዘው ብያለሁ። የጀመርሽው ይቃናልሽ፤ የለካሽው አይጉደልብሽ።

ስለፈረምሽው ወረቀት ይቅርታ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ አላነበውም። ዛሬ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ከእንግዲህ እስክሞት ከአፌ አይወጣም።

አባትሽ