ሦስት ሰላምታ በቀን

ሞላሌ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? ጉልበትህስ? ብርድ ሲነካው የሚያምህ ወገብህ እንዴት ሆነ? የጂንካ ሙቀት ለወገብ ይበጃል ሲሉ ሰምቻለሁ። የመንገድ ሥራው፣ ካምፑ፣ ምግቡ ተስማማህ ወይ? እዚህ እምዬ ቆማ ትሄዳለች፤ አባባም እንዲሁ። የበልጉ ገብስ ደህና ነው፤ ቀይዋ በግ መንታ ወልዳለች። እንደ አገራችን ደንብ ቢሆን ገና የጎረቤቱንና የክርስትና አባትህን ሰላምታ መዘርዘር ነበረብኝ። በእኔና በእህታችን በእፀገነት ፊልም ሕግ ግን የሰላምታ ካርዴ ገና በሁለተኛው መስመር አልቋል።

ይህን የምታነበው አባ ገብረየሱስና አጎታችን አባይነህ የመጡበትን ነግረውህ፣ አልቅሰህ ከወጣልህ በኋላ ነው። ደብዳቤውን ከዚያ በፊት እንዳይሰጡህ አደራ ብያለሁ። የእፀገነትን ነገር በስልክ ልንነግርህ ፈልገን ነበር፤ አዲሱን ቁጥርህንም ከስንት ሰው ጠይቀን አገኘነው። አባባ ግን «መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጄ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኑር» ብለው ከለከሉ።

ስለዚህ እኔ የምጽፍልህ ስለ ሞቷ አይደለም፤ እሱን አባ በደንብ ነግረውሃል። እኔ የምጽፍልህ ስለ ፊልሙ ነው። በመንዝ ምድር እስከ ዛሬ ከተሠራው ፊልም ሁሉ ይበልጣል። ሌላ ተሠርቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢሠራም አይደርስብንም።

ዘመኑ 2117 ነው፤ ከተማው ይሄው ሞላሌ። አገሩን የሚገዛው አንድ ኮስታራ ሰው ሰላምታ ጊዜ ያባክናል ብሎ ሕግ አውጥቷል። ሰው በቀን የሦስት ሰላምታ ካርድ ብቻ ይፈቀድለታል። ገበያው በር ላይ «ቆጣሪ» የሚባል ማሽን ቆሞ አፍ አፍ እያየ ይቆጥራል። አራተኛ ጊዜ «ደህና ነህ?» ያለ ሰው «ጢጥ!» ይባልበትና ከገበያ ይባረራል። ባልና ሚስት ጠዋት ሰላም ተባብለው ካርዳቸውን ስለሚጨርሱ ማታ እንደማይተዋወቁ ሆነው ይተኛሉ። አንዱ ደግሞ አማቱን ገበያ ውስጥ ባያቸው ጊዜ ካርዱ አልቆበት የበግ ቆዳ ተከናንቦ በአራት እግሩ ያልፋቸዋል። እሱ ታዲዮስ ነው፤ የክፍሌ ልጅ። ፊልም ቀራጩም እሱ፣ በጉም እሱ።

ቆጣሪው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እምዬ ከጓሮ የጣለችው ስንጥቁ የእህል ጎታ ነው። ሁለት የእጅ ባትሪ በቀይ ላስቲክ ሸፍነን ዓይን አደረግንለት፤ ከተሰበረ ጃንጥላ አንቴና አወጣንለት። ውስጡ የምትቀመጠው እፀገነት ናት። ጎታ ውስጥ ሆነው ሲናገሩ ድምፅ እንዴት እንደሚያስፈራ አትጠይቀኝ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሦስት ቀን በዚያ በኩል አላለፈም።

ገዢው እኔ ነኝ። የለበስኩት ትተኸው የሄድከውን ካፖርት ነው፤ ይቅርታ፣ አላስፈቀድኩህም። ይህ ገዢ ለምን እንዲህ ያለ ሕግ እንዳወጣም ልንገርህ፤ አትቆጣ። ድሮ በሕዝብ ፊት አንዲት ቃል ተሳስቶ የገዛ እህቱ ስለሳቀችበት ነው።

አወቅህ አይደል? የጻፈችው እሷ ናት፤ እኔ የተባልኩትን ነው የሠራሁ።

ያን የጊዮርጊስ ዕለት እኔም ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። አንተ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ብለህ ሕዝቡን ማስነሣት ሲገባህ፣ ቅዳሴው ገና ሳይጋመስ «እትዉ በሰላም» ብለህ ወደየቤቱ አሰናበትከው። ግማሹ ጫማውን ሊፈልግ ወጣ። እትዬ ወሰንየለሽ በሩን አልፈው «ዛሬስ ቅዳሴው እንዴት ቶሎ አለቀ!» ሲሉ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። በዚያን ጊዜ ነው ከሴቶች በኩል የእፀገነት ሳቅ ያመለጠው። ሌላም ሰው ስቋል፤ አንተ የሰማኸው ግን የእሷን ብቻ ነው። ቤት ስንገባ «ከእንግዲህ ከአፌ አንዲት ቃል ብትሰማ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ!» ብለህ ማልክ። በሳምንቱ ሄድክ። እሷ ያን ቀን ስታለቅስ አመሸች፤ ግን እያለቀሰችም ትዝ ሲላት ትስቅ ነበር። ምን ታድርግ፣ ተፈጥሮዋ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ትዕይንት ልመልስህ። እትዬ ወሰንየለሽን «ጎታው ፊት ቁሙና ደህና ዋልክ ብቻ በሉ» አልናቸው። ፊልም እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው «እንዴት ዋልክ የኔ ልጅ? ልጆች ደህና? ከብቱ? ገብሱን ውርጭ አልነካብህም?» ብለው ቀጠሉ። እፀገነት በውስጥ ሆና በዚያ አስፈሪ ድምፅ «እናት፣ ካርድዎ አልቋል!» አለች። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ካርድ ለስልክ ነው፤ እኔ ስልክ የለኝም። ይልቅስ ድምፅህ ተዘግቷል፤ ጉንፋን ነው። ፌጦ በሎሚ አድርገህ ጠጣ። ማነው የሚያስታምምህ? እናት አለህ?»

ጎታው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንቴናው ወደቀ፤ አንዱ ዓይን ጠፋ። እፀገነት ሳቋ አምልጧት ማሽኑ ራሱ ይስቃል። ታዲዮስ «እንዳታቆሙ!» እያለ ቀረጸው። እንዲህ ያለ ነገር በድርሰት አይገኝም።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍልህ። ሳቁ ሲያበቃ ትንፋሿ አልመለስ አለ። ስበን አወጣናት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ደረቷን ይዛ ብዙ ቆየች። «ጎታው አየር ስለሌለው ነው» አለች። እኔ ግን ከኋላ በኩል ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ራሴ ከፍቼለታለሁ። አየኋት፤ አየችኝ። «ለእምዬ ብትነግር ፊልሙ ቀረ» አለች። ሐኪሙ ስለ ልቧ የነገራትን ያን ቀን ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ እንዳልናገርም አስማለችኝ። ከጥር እስከ ፋሲካ ሰሞን፣ እስክታርፍ ድረስ፣ አፌን ዘጋሁ። አንተ በመሐላ ዝም አልክ፤ እኔም በመሐላ። ወንድማማቾች ነን።

በሰባተኛው ቀን ለቀስተኛው ቀለል ሲል እምዬ «ድምፅዋ ያለበት ነገር አለ ይሉኛል፤ አምጣው» አለችኝ። ከል ለብሳ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ፌጦው ጋ ስትደርስ ሳቀች። ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ደነገጥኩ፤ በለቅሶ ቤት የሚሳቅ አይደለማ። አባባ ከመደቡ ላይ ሆነው «መልሰህ ክፈተው» አሉ። አራት ጊዜ አየነው።

ፊልሙ አልቋል፤ የጎደለው አንዲት ቦታ ብቻ ናት። በመጨረሻው ትዕይንት ማሽኑ ባትሪው እየደከመ፣ ገዢውን ያናግረዋል። «ጌታዬ፣ የሰውን ሁሉ ስቆጥር ኖርኩ፤ እኔን ግን ማንም ሰላም ብሎኝ አያውቅም። አንተስ ደህና ነህ?» ይለዋል። ከዚያ ዝም ይላል። እኔ በካፖርትህ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። «ፊትህ እንዳይታይ፤ የገዢው ድምፅ በኋላ ይገባበታል» ብላ ያዘዘችኝ እሷ ናት። ዝምታው አርባ ሰከንድ ነው። ከጎታው የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። ስህተት መስሎኝ ልቆርጠው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ደብተሯን ስገልጥ ግን በዚያ ቦታ «ገዢው፦» ብላ ባዶ መስመር ትታለች። ከሥሩ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ይህችን ቃል ወንድም ጋሼ ራሱ ያውቃታል። የጊዮርጊስ ዕለት ቦታዋ አልነበረም።»

ታዲዮስ «ችግር የለውም፤ ወንድምህ ሠርግ ላይ የዘመረውን ለኮምፒውተር ብንሰጠው ድምፁን ቁርጥ አድርጎ ያስመስለዋል» አለኝ። «እንዲህማ ከሆነ ቆጣሪው አሸነፈ» አልኩት። ገብቶት ተወው። እኔም የራሴን ድምፅ አላስገባም። አንተ ካልመጣህ ፊልሙ እንዲሁ ከነዝምታው ይቀመጣል እንጂ በትምህርት ቤታችን መዝጊያ አይታይም። ይህን የምለው ላስጨንቅህ አይደለም፤ ዳይሬክተሩ አሁን እኔ ስለሆንኩ ነው።

አርባዋ ሰኔ 1 ነው። ስለ መሐላው አታስብ፤ አባ ገብረየሱስ ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለመርዶ ብቻ አይደለም፤ እዚያው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉሃል። ከእነሱ ጋር ተመለስ። መጀመሪያ ጊዮርጊስ እንሄዳለን፤ መቃብሯ የት እንደሆነ አሳይሃለሁ። ከዚያ ቤት ገብተህ ጎታው አጠገብ ትቀመጣለህ። ስልኩን እኔ እይዛለሁ። እሷ ትጠይቅሃለች፤ አንተ ትመልሳለህ። አርባ ሰከንድ ይበቃሃል፤ ለክታው ነው።

እስከዚያው የመንገዱን አደጋ ያርቅልህ፤ እንባ አባሽ አያሳጣህ። የአገራችን ጊዮርጊስ መርቶ ለእናትህ ደጅ ያብቃህ። ጉንፋን እንዳይዝህ፤ ከያዘህም እትዬ ወሰንየለሽ ፌጦውን አዘጋጅተው ይጠብቁሃል።

ለማንም ሳታወጣ፣ ሦስቱንም ሰላምታህን ይዘህ ና።

ካፖርትህን የለበሰው
ታናሽ ወንድምህ