በአንሶላው መሃል ያለው ስፌት

ልጄ ሔርሜላ፣ ባለሽበት አገር ሰላምሽ ይብዛ፤ ያሰብሽው ሁሉ ይሳካልሽ። እኛ ደህና ነን። ካራማራ ላይ ደመናው ይከማቻል እንጂ ዝናቡ ገና ነው።

ስለ ጅጅጋ የድሮ ሲኒማ የጻፍሽው ደርሶኛል። ስሜን ፍለጋ ሁለቴ አነበብኩት። ጎረቤታችን ላዳን መጋረጃው አጠገብ ቆማ የህንዱን ፊልም በሶማልኛም በአማርኛም እንዴት ትተረጉም እንደነበር ሦስት ገጽ ሙሉ አወድሰሻል። እኔ የለሁበትም። አባትሽ በግቢያችን ፊልም ማሳየት ሲጀምር መጋረጃ የሆኑት ሁለቱ የሠርጌ አንሶላዎች አይደሉም እንዴ? የገጣጠምኳቸው አንቺን አዝዬ ነው። ስፌቴ ጠማማ ስለነበር የተዋንያኑ ፊት ላይ ጠባሳ ይመስል ነበር።

ተናድጄ ላዳን ቤት ሄድኩ። «ደስታነሽ፣ እኔ እኮ ፊልሙ ሊጀምር ሲል ሁልጊዜ ለተመልካቹ ‹ይህ ጠባሳ አይደለም፣ የደስታነሽ ስፌት ነው› እል ነበር» አለችኝ። እኔ በር ላይ ትኬት ስቆርጥ አንድ ቀን እንኳ አልሰማኋትም።

በይ እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ፣ እህል ውኃሽን ትባርክልሽ። ጽሑፉን ስታርሚው ያንን ስፌት አስገቢልኝ። ላዳን ነገረችኝ ብለሽ ግን አትጻፊ፤ እናቴ ነገረችኝ በይ።

እናትሽ ደስታነሽ