ባሌ በረኛ የሆነበት ሰሞን

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን 1980

የቀበሌያችን ኳስ ቡድን በረኛ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የሰበረው የገዛ ቡድኑ ልጅ ነው፣ ልምምድ ላይ። ጀሶውን አድርጌለት ስጨርስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ «ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አለኝ። «ስድስት ሳምንት» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ለካ የጠየቀኝ ስለ ልጁ ክንድ ሳይሆን ስለ እሁዱ ግጥሚያ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤታችን ድረስ መጣ። ባሌ ለሜሳ ሊቀበለው ከበሩ ጉበን ሥር ጎንበስ ብሎ ሲወጣ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ጓድ፣ ይኼ ሁሉ ቁመት እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር?» አለ።

ባሌ የግብርና ቢሮ ታይፒስት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽር ያደርጋል። ልጅ ሆኖ እንኳን ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ኳስ ሲመጣበት ዘወር ብሎ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። እሱ ግን ቆርጦ ነው የመጣው። ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌያችን ሰው ተጠይቋል። ቡድኑ ካሸነፈ ተጫዋቾቹ አይነኩም። ከተሸነፈ ዝርዝሩ ከእነሱ ይጀምራል። «ከበረኛው» አለ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ወንድሜ ወደ ሰሜን ከሄደ ሦስት ዓመቱ፤ የተመለሰልን ሻንጣው ብቻ ነው።

አርብ፣ ኅዳር 10

የዛሬ ጉዳት፦ አፍንጫ፣ ሁለት ጊዜ ደምቷል። የግራ ጆሮ አብጧል። የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ወለም ብላለች። መነጽሩ ደህና ነው፤ በፋሻ ከጭንቅላቱ ጋር አስሬለት ነበር።

ለሜሳ ኳስ በእጁ አይዝም። በፊቱ ነው የሚመልሰው። ስትመጣ ስለማያያት አይሸሽም፣ ስለማይሸሽ ትመታዋለች። አሠልጣኙ ይህን ጀግንነት አደረገው። «እንዳንተ ያለ ደፋር አይቼ አላውቅም» ብሎታል። ባሌ ይህን ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ እንደተወተፈ።

ጎረቤታችን ግርማ፣ ልብስ ሰፊው፣ አሮጌ ሱሪ ቆርጦ ቁምጣ ሠራለት። «ይኼ እግር ነው ወይስ የስልክ እንጨት?» እያለ ሲስቅ አመሸ። ሚስቱ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ እሱ ግን ዓለም ቢገለበጥ ከመቀለድ አይመለስም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

አዮ፣ የባሌ እናት፣ ከጎጆ ከተማ መጡ። በጭነት መኪና፣ ከድንች ጆንያ ጋር ተጭነው። «ልጅሽን ኳስ ሜዳ ወሰዱት» የሚል ወሬ ደርሷቸው ታስሮ እየተገረፈ መስሏቸዋል። የለሜሳን ፊት ሲያዩማ ጨርሰው አመኑ።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ኳስ ነው፣ አዮ።»

«እና አንተ እጅ የለህም?»

አሠልጣኙም ሲጠይቀው የዋለው ይህንኑ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 12

ግጥሚያው ከጎረቤት ከተማ ከእጃጂ ቡድን ጋር ነበር።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእነሱ ተከላካይ የኛን አጥቂ በክርኑ መትቶ ሁለት ጥርሱን አወለቀ። የኛዎቹ ደግሞ አንዱን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ረገጡት፤ ሲሰበር ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ዳኛው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰውዬ፣ ፊሽካውን እየነፋ ከኋላ ከኋላ ይሮጣል። ለሜሳ ሦስት ኳስ በፊቱ አዳነ። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ጮኸ። እውነቱን ልጻፍ፣ እኔም ጮኼአለሁ።

ከእረፍት በኋላ ኳስ አቅፎ ወደቀ። አራት ሰው መጣበት። ኳሷን ፈልገው አይደለም፤ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ እግሩን በጫማ ጫፍ ይሉታል። የኛዎቹም ደርሰው እነሱን ይረግጣሉ። ከሥር ለሜሳ «መነጽሬን! መነጽሬን!» ሲል ይሰማኛል።

አዮ ከአጠገቤ ተነሡ። ከቤታቸው ይዘዋት የመጡትን ስንቄ፣ በሠርጋቸው ቀን የተሰጠቻቸውን ቀጭን በትር፣ ከፍ አድርገው እልል እያሉ ሜዳው ውስጥ ገቡ። «ኢጆሌ፣ ዲሳ! ተዉ ልጆቼ፣ ተዉ!» ስንቄ የያዘች እናት ጠብ መሀል ከገባች እዚህ አገር እጁን የማይሰበስብ ወንድ የለም። ሁሉም ቆመ። እጃጂዎቹም ቆሙ። ቡጢውን ያነሣ አወረደ፤ ተከላካያችን ጭራሽ አንገቱን ደፋ። ጠቡ ያበቃ መስሎኝ እንባዬ መጣ።

አንድ ሰው ብቻ አልቆመም። የእጃጂው አጥቂ ዘንድሮ ከጎጃም የተመደበ መምህር ነው። ስለ ስንቄ ከየት ይወቅ? ኳሷን ከለሜሳ ክንድ ሥር ነጥቆ ባዶ ጎል ውስጥ መታና እጁን ዘርግቶ ብቻውን ሮጠ። ዳኛው ደግሞ አጸደቀው!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አላየሁም። ድንጋይ ዘነበ። የማዕዘኑ ባንዲራ እንጨት ዳኛው ጀርባ ላይ ተሰበረ። መምህሩን መጀመሪያ የመቱት የራሱ ቡድን ልጆች ናቸው፣ «እናት አዋረድክ!» እያሉ፤ አፉ ደም በደም ሆኖ «ምን አጠፋሁ?» ይላል ምስኪን። ሊቀመንበሩ ጫማውን አውልቆ ሰው ሲደበድብበት በዓይኔ አይቻለሁ። ሚሊሺያዎቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ማንም ሳይነካቸው መሀል ላይ የቆሙት አዮ ብቻ ነበሩ። ለሜሳን በቃሬዛ አመጡልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ግጥሚያው ተሰርዟል። በሚመጣው እሁድ ይደገማል ተባለ።

ይህን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። የለሜሳ እግር አልተሰበረም። ትናንት አስተኝቼ በጣቴ ዳሰስኩት፤ አብጧል፣ ጠቁሯል፣ አጥንቱ ግን ደህና ነው። በአራት ቀን ይራመዳል። ከተራመደ እሁድ በረኛ ሆኖ ይቆማል። ቆሞ ከተሸነፈ ይወስዱታል። «ተሰብሯል» አልኩት። ሐኪሙ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄዷል፣ የሚጠይቀኝ የለም። ከጉልበቱ በታች እስከ ጣቱ ጀሶ አደረግኩበት። ወረቀቱንም ራሴ ጻፍኩ፦ ስድስት ሳምንት።

አዮ በአገራቸው የበግም የሰውም አጥንት ይጠግናሉ። ጀሶውን ከማድረጌ በፊት እግሩን ዳስሰው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፋሻውን አቀበሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ለሜሳ አለቀሰ። አሞት መስሎኝ ስደነግጥ ለካ እሁድ መቅረቱ ነው! «ዕድሜዬን በሙሉ በቁመቴ ሲሳቅብኝ ኖሬ አሁን ገና ቢጠቅመኝ…» ይለኛል። ሰው ስሙን አንድ ቀን ቢጠራለት እንዲህ ይሆናል? ሾርባ ሠራሁለት።

ሊቀመንበሩ መጥቶ ጀሶውን በእስክሪብቶ እንደ በር አንኳኳው። ግርማም እዚያው ነበር፣ ጀሶውን እንዲያስገባ የለሜሳን ሱሪ ባንድ ወገን ሊያሰፋ እየለካ። «ምን ችግር አለ፣ እስኪድን እኔ እቆምለታለሁ» አለ እየሳቀ። «እንደሱ በፊቴ ባልችል በሆዴ እመልሳለሁ።»

ሊቀመንበሩ የግርማን ስም ጻፈ። አፌን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩም።

እሁድ፣ ኅዳር 19

ተሸነፍን። ሦስት ለአንድ።

ግርማን ቅንድቡ ላይ በጫማ ብሎን ሰንጥቀውታል። አምስት ቦታ ሰፋሁት። «አንቺ የምትሰፊው ከኔ ይሻላል፣ ሱቄን ውሰጂው» አለኝ። እኔ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለውትድርና የሚጭነው መኪና ቀበሌው በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ የተጠራው ግርማ ነው። ክር ያለበት መርፌ ደረቱ ላይ እንደተሰካ ከሱቁ አወጡት። «ሚስቴ ልትወልድ ነው» ብሎ ሲንገታገት አንዱ በሰደፍ ፊቱን መታው፤ የሰፋሁት ቅንድብ ተተረተረ። አሁን ቀልድ አልነበረውም። ሚስቱ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ድልድዩ ድረስ መኪናውን ተከትላ ሮጠች። እኔና አዮ ደግፈን አመጣናት። እኛ አልጋ ላይ ተኝታለች።

ለሜሳ በክራንች ደጃፍ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። «እግሬን የሰበረውን ሰው እግዚአብሔር ይባርከው» አለኝ። ወዲያው አልጋውን አየና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። አዮ ወደ ጓዳ ገቡ።

ባሌ ተርፎልኛል። ደስ ብሎኛል፣ ደስ ስላለኝም ራሴን ጠላሁት። ቅድም የግርማ ሚስት ነቅታ ውኃ ለመነችኝ። ከጠጣች በኋላ እጄን ይዛ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች። እንቅልፍ እስኪወስዳት አልለቀቀችኝም፤ እኔም እጄን ማስለቀቅ አልቻልኩም።