ቆብ የደፋው ጭስ ማውጫ

አቃቂ፣ ኅዳር 18 ቀን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእማሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት አድርጎዎታል? የገዳሙ ደረጃ አሁንም ያስቸግርዎታል? በሰኔ የላክሁልዎ ቅባት አልቆ እንደሆነ ለዳሲቱ ሁለት ጨምሬ ሰጥቻታለሁ። እባክዎ ለሌሎቹ እናቶች አድለው እንዳይጨርሱት፤ ለራስዎ ይቀቡት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለወጉ አይደለም። ሳሉ ለቆኛል፣ እንቅልፌም ተመልሷል። ልጄ ኮዬ ፈጬ ከባሏ ጋር በሰላም እየኖረች ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነች ውሃ በጠፋ ቁጥር የሚታጠብ ልብሷን ተሸክማ እኔ ጋ ትመጣለች። እኔም ውሃው ቶሎ ቶሎ ቢጠፋ አልጠላም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እንዴት እንደደረሰኝ ግን ይስሙ። ዳሲቱ እናንተ ጋ ከቁስቋም ንግሥ እንደተመለሰች በቀጥታ ወደኔ መጣች። እኔ ምድጃ ስጠርግ ስለነበር እስከ ክርኔ ጥላሸት ነኝ። እሷ እርስዎ የላኩትን ጥቅል በሁለት እጇ እንዳቀፈች ጎንበስ አለችና፣ እማሆይ ይባርኩኝ ብላ ጉልበቴን ልትስም! ዳሲቱ፣ ጎረቤቴ፣ ባለፈው ሳምንት ስለ አጥር ስንጨቃጨቅ የነበርነው ሰዎች! ቀና በይ ምን ሆነሻል ብላት፣ ትሕትናዬ ነው ብላ እንባዋ መጣ።

ጥቅሉን ስፈታው ቆቡን አገኘሁት። ደብዳቤውን ሳነብ ደግሞ ሳቄ ከነበረበት ደረቀ። ቆብሽን በገዛ እጄ ሰፍቼ እንዳስቀመጥኩልሽ እያወቅሽ እንዴት ሳትነግሪኝ ከሌላ ሰው እጅ ደፋሽ? ለመሆኑ ያስደፋሽ አባት ማን ነው? ብለው ጽፈዋል። ፊደልዎ ሲናደዱ እንደሚሆነው ተጋድሟል።

እህቴ፣ ቆብ የደፋው ጭስ ማውጫዬ ነው።

ዳሲቱ ወደ እናንተ ልትነሳ ስትል ደውላ ለእማሆይ ምን ልበልልሽ አለችኝ። ጣራዬ ላይ መዶሻ ይጮኻል፤ እሷም በደንብ አትሰማኝም፣ እኔም አልሰማትም። ደህና ናት በያቸው፣ ዛሬ ቆቡ ተደፋ፣ ከእንግዲህ ዝናብ ቢመጣ አልፈራም አልኳት። ዳሲቱን ያውቋታል፤ ግማሹን ሰምታ ግማሹን ራሷ ትጨርሰዋለች። ዝናቡን ፈተና ነው ብላ ተረጎመችው። እርስዎም አመኗት። ለነገሩ ቢያምኗት አይፈረድብዎትም፤ ቃል ሰጥቼዎት ነበረ።

ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልዎ።

ቤቱን ለባለቤቴ ለተስፋሚካኤል ተዝካር ሲመጡ አይተውታል። ነፍሱን ይማርና፣ ከባቡሩ ሥራ ጡረታ ሲወጣ ይህን አሮጌ የድንጋይ ቤት የገዛው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ከበሩ ላይ ስለሚታይ ብቻ ነው። ውሃ እያዩ ማርጀት ነበረ ሐሳቡ። ውሃው ግን ባለበት አይቀመጥም፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ሆኖ ይመጣና አልጋ ውስጥ ይገባል። ክረምቱን የምንችለው በሳሎኑ ምድጃ ነበረ። ተስፋሚካኤልም በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ጣራ ይወጣና ጭስ ማውጫው የተሰነጠቀበትን በሲሚንቶ፣ ከቆርቆሮው ጋር የተገናኘበትን በሬንጅ ይለቀልቅ ነበር።

እሱ ካለፈ በኋላ የሚወጣ ጠፋ። ዝናቡ ከላይ እየገባ ጥላሸቱን አጥቦ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቡናማ ሆኖ ወረደ። ወፎች ጎጆ ሠሩበት። እሳት ሳነድ ጭሱ ወደኔው ይመለሳል። ሰለቸኝና ተውኩት። ሦስት ክረምት ምድጃው ሳይነድ ከረመ። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅል ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን እንኳ ሽታው አልለቅ ብሎት ሴቶች አጠገብ ስቆም እሳቀቅ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

ልጄ እኔ ጋ ነይ አለችኝ፤ እንቢ አልኳት። እኔ ለእርስዎ የገባሁት ቃል ነበረኛ። እሷን ከዳርኩ በኋላ መጥቼ ቆብ እደፋለሁ ብዬ መቃብሩ አጠገብ ስነግርዎ እጄን ጭምቅ አድርገው የያዙኝን አልረሳሁም። ከእርስዎ ቀጥሎ ያለችውን ክፍልም አስለስነው እንደሚጠብቁኝ ሰምቻለሁ። በጥር ዳርኳት። የቀረኝ ቤቱን አከራይቶ መሄድ ነበረ። ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ግን ሳሎኑ መሐል ቆሞ አየሩን ያሸትና፣ እንደዋወላለን ብሎ ይሄዳል። እንግዲህ ጭስ ማውጫውን ላሠራ የተነሣሁት ቤቱን ትቼ ልመጣ ብዬ ነው። ይህንን ይያዙልኝ።

ግንበኛው ገዳ ይባላል። የአባቶቹ እርሻ ከሐይቁ ማዶ ነበረ፤ መሬቱ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ሲሆን እሱ ግንበኛ ሆነ። ዕድሜው ከኔ ሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ይህንን እንዲያው እግረ መንገዴን ነው የማነሣልዎ።

መጀመሪያ የመጣው በመስከረም ነው። ድንጋዩን በመዶሻው እጀታ እየኳኳ ዞረው፣ መዳፉን አስደግፎ ቆየና፣ ዛሬ አይሠራም አለኝ። ድንጋዩ ክረምቱን ሙሉ ጠጥቷል፤ አሁን ቢደፈን ውሃውን ከውስጥ መቆለፍ ነው፣ የጥቅምት ነፋስ ያድርቀው አለ። ሥራ የማይፈልግ ሰነፍ መሰለኝና ተናደድኩ። ጥቅምት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ግን መሰላሉን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ።

ወጣና መሮውን አነሣ። ተስፋሚካኤል የለቀለቀውን ሲሚንቶ እየፈነቀለ ወደ ግቢው መጣል ጀመረ። እማሆይ፣ አልቻልኩም። የባለቤቴ እጅ ሥራ ነው፣ ውረድ! አልኩት፤ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ንዴቴ እስኪወጣልኝ ጠበቀ። ከዚያ፣ ወይዘሮ ለማለት በኦሮምኛ አዴ ይለኛልና፣ አዴ ወርቅውሃ፣ እጃቸው ጠንካራ ነበረ፣ እግዜር ያሳርፋቸው፣ አለኝ። ውሃ እንዳይገባ ብዙ ደክመዋል፤ ግን ይህ ቤት በኖራ የተገነባ ነው፣ ኖራ ይተነፍሳል። ሲሚንቶው አፉን ስለዘጋው የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ እርስዎ ሳሎን ወረደ አለኝ።

ስለ ግድግዳ ነበረ የሚያወራው። እኔ ግን እዚያው የግቢው መሐል ቆሜ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን፣ ልጄ እንዳትሰበር ብዬ ዋጥ ያደረኩትን ሁሉ አለቀስኩት። ገዳ መሬት መሬቱን እያየ ጠበቀኝ። ሲበቃኝ፣ በል ውጣና ጨርሰው አልኩት። ማታ ሊሄድ ሲል ሳይሰበር ያወረዳት አንዲት የሲሚንቶ ቁራጭ ሰጠኝ፤ የተስፋሚካኤል አውራ ጣት አሻራ አለባት። አሁን መስኮቱ ላይ ናት።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ፍቆ በኖራና በአሸዋ ሞላቸው። ጭስ ማውጫው ከጣራው ጋር የሚገናኝበትን ደግሞ ሬንጅ አላስነካውም። አዲስ ቆርቆሮ አጥፎ፣ ከላይ በኩል ከጣራው ቆርቆሮ ሥር አስገባው፣ ከታች በኩል በላዩ አሳለፈው፤ ውሃ በላዩ ሸርተት ብሎ ይሄዳል እንጂ የሚገባበት አያገኝም። ስምዎት ወርቅ ነው ውሃም ነው፣ የትኛውን ነው ከቤት የማስወጣው? ብሎ ቀለደብኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። ግን እኮ ያስቃል።

መጨረሻ ላይ አራት እግር ያለው የቆርቆሮ ክዳን ሠራ፤ ጎን ጎኑን ለወፎች ወንፊት ሽቦ አለበሰው። ነገ ቆቡን እንደፋለታለን አለኝ። ግንበኞች እንዲያ ነው የሚሉት። እኔም ቃሉን ከሱ ተምሬ ነው ለዳሲቱ የነገርኳት። ያስደፋው አባት ማን ነው ላሉኝ መልሱ እንግዲህ ይኸው ነው።

አዲስ ኖራ ባንድ ጊዜ ከሞቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ጭራሮ ብቻ እንዳነድ አዘዘኝ። ሦስቱንም ቀን ከሰዓት እየመጣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። በአራተኛውም ቀን መጣ። በአራተኛው ቀን ምን ቀረው ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ እርስዎ፣ ይቀመጡ፣ አይድከሙ ነበር የሚለኝ። እኔ አንተ እለዋለሁ፣ አሠሪ ነኝና። በአምስተኛው ቀን ትልቁን ግንድ ጨመርን። እሱ ጭሱን ሊያይ ግቢ ወጣ፤ ቀና ብሎ ቆየና፣ ነይ እዪው! ብሎ ተጣራ። ነይ አለኝ። ሁለታችንም ደነገጥን። ፊቱ ቀልቶ ሊያርመው አፉን ሲከፍት እኔ ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጎበዝ ነህ አልኩት። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አላረምኩትም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍልዎ። እማሆይ፣ ወደ ገዳም የጠራኝ እግዚአብሔር ይመስለኝ ነበረ። ቤቱ ሞቀ፣ ሽታው ለቀቀ፣ ግድግዳው ደረቀ፤ ጥሪውም አብሮ ጠፋ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ ጠበቅኩት። አልተመለሰም። ለካስ ይጠራኝ የነበረው ብርዱ ነው። ይህን ሳውቅ አፈርኩ፣ ከዚያም ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ እንደገና አፈርኩ። እርስዎ ራስዎ ሲመነኩሱ ምን እንዳሉኝ አስታወስኩ። ቤትሽን ጠልተሽ እንዳትመጪብኝ፣ ወደሽው ትተሽው ነይ ነበር ያሉኝ። ይኸው ወደድኩት። መተው ነው ያቃተኝ።

ቆቡን ለጽዮን ንግሥ ስትሄድ በዳሲቱ እጅ መልሼ ልኬዋለሁ። አልሞከርኩትም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልዋሽዎትም፣ አንድ ጊዜ መስታወት ፊት አድርጌዋለሁ። ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ በዚያ በደከመ ዓይንዎ እንዴት እንደሰፉት አሰብኩና አለቀስኩ። ያምርብኛል። ሳወልቀው ግን ቀለለኝ። ክፍሏንም ለሚገባት እናት ይስጡልኝ። እንደሚያዝኑብኝ አውቃለሁ። ይዘኑብኝ፣ ይቆጡኝ፣ በተጋደመ ፊደል ሦስት ገጽ ይጻፉብኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የሚቆጣኝ ሰው ከእርስዎ ሌላ የለኝም።

ልጄ ባለፈው እሑድ ልብሷን ተሸክማ መጣች። በሩ ላይ ኖራ የነካው ትልቅ ቦት ጫማ አየች። ጭስ ማውጫው እስካሁን አላለቀም እንዴ? አለችኝ። ገና ነው አልኳት። ትንሽ አየችኝና እየሳቀች ሦስተኛ ብርጭቆ አውጥታ ሻይ ቀዳች።

ዳሲቱ ደብዳቤውን እንዳትጨርሰው በሙጫ አሽጌዋለሁ።

እንግዲህ አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዓይንዎን ያቆይልዎ፣ ጸሎትዎ ከቤቴ አይለይ። አንድ ነገር ለምኜዎት ላብቃ። ጠዋት ጠዋት ስማችንን እየጠሩ እንደሚጸልዩልን አውቃለሁ። ተስፋሚካኤልን ካረፉት ጋር እዚያው ይጥሩልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘሉብኝ። ከሕያዋኑ ተራ ደርሰው ወለተ ሐና ብለው እኔን ሲጠሩ ግን፣ እባክዎ እዚያ ላይ አያቁሙ፤ ገብረ ጊዮርጊስ ብለው ያስከትሉልኝ። የክርስትና ስሙ ነው።

የምትወድዎት፣ የምትፈራዎትም፣
ታናሽ እህትዎ