ስልክ የሆነው እጄ

ሰኞ

በጉን ጉልበቴ መሃል አጣብቄ ክትባቱን ልወጋ ስል እጄ ጮኸ። በጉ በረገገ፣ መርፌው ከእጄ ወደቀ፣ የበጉ ባለቤት ሽማግሌ አማተቡ። "በስመ አብ! ምንሽ ነው የሚጮኸው?" ሰዓቴ ነው ብል ማን ያምነኛል። ሁለቱም እጄ ስለተያዘ አረንጓዴዋን መክፈቻ በአገጬ ነካኋት። ወንድሜ ደሳለኝ ነው፣ ከባሕር ዳር። "እንዴት ነው ስጦታዬ?" ይላል እየሳቀ። የጉና በጎች ሁሉ ሰሙት።

ባለፈው ወር ከዚሁ ከጉና ስንመለስ መንገድ ላይ አስቁመው የሁላችንንም ስልክ ለቀሙን። ለእኔ ሁለተኛዬ ነው። እንግዲህ ስልክ የሚባል ነገር አልይዝም ብዬ ማልሁ። ደሳለኝ ደግሞ እኔ ስምል የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ ሲም የሚወስድ የእጅ ሰዓት ላከልኝ። ስልክ አያስፈልገውም። ሲሟን ሆዱ ውስጥ ትከቻለሽ፣ ትደውያለሽ፣ ይደወልልሻል። "እጅጌሽን ሳብ ካደረግሽበት ማን ያየዋል?" አለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ብዬ አሰርኩት።

እስካሁን ያየሁበት ጉድ፦ ባትሪው ቀኑን አያደርስም። መልእክት ልጽፍበት ብሞክር አንድ ጣቴ ሦስት ፊደል ይረግጣል። ከሁሉ የሚብሰው ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር የለውም፤ የሚናገረው ሁሉ ለአገር ነው። በጎ ጎኑም አለ። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ከእጄ ጋር ሳወራ ያየችኝ ሴትዮ ቀስ ብላ ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። እስከ ደብረ ታቦር ሰፋ ብዬ መጣሁ።

ሰዓቱን የሚወደው ሰው ቢኖር እማዬ ብቻ ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን የድመት ነው። አመሻሽ ላይ ደሳለኝ ሲደውል እጄን አፈፍ አድርጋ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። መክፈቻዋንም በአውራ ጣቷ ለምዳዋለች። እኔ እንግዲህ ከእጄ ጋር እሄዳለሁ፤ ወሬያቸውን እስኪጨርሱ አጠገቧ አጎንብሼ እቆማለሁ። "በላህ? ሹራብ ደርበሃል?" ትለዋለች። "እማዬ፣ ባሕር ዳር እኮ ይሞቃል።" "ይሁን፣ ደርብ።" በየቀኑ ይኸው ነው። ወገቤን የሚጠይቅልኝ የለም።

ማክሰኞ

ከሥራ በፊት ሰይድ ሱቅ ጎራ አልኩ። ገበያው ጫፍ ላይ ስልክ የሚጠግነው ሰይድ ነው። ሰዓቱን አገላብጦ አየና በብሉቱዝ የሚሠራ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው የሚያስታግሰው አለኝ። አሁን የለውም። ዕቃው ከወረታ አርብ ይገባል፣ ኢንሻአላህ።

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ ምስጢር አታውሪ" አለኝ። ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ዓለም ደወለች፣ የደሳለኝ ሚስት። ገና ሃሎ ሳልል ጀመረች። "ደሴ ሆዱን ሲቆርጠው አድሮ ሆስፒታል አስገባነው። አንጀቱ ነው አሉ፣ ነገ ይቀደዳል። አደራሽን ለእማማ እንዳትነግሪ!" ድምፁን የምቀንስበትን ቦታ ስፈልግ ሁሉን ጨረሰችው። ቀና ብል የቢሮው ሰው በሙሉ እኔን ያያል። ከየጠረጴዛው "እግዜር ይማረው" ተባለልኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ለእማማ አትንገሪ ትለኛለች፣ ለደብረ ታቦር ነግራ።

ደሞ ይሄ አለቃዬ፣ ዕድሜ ልኩን ሰላም ብሎኝ የማያውቀው፣ እስከ በር ሸኝቶኝ ስለ አጎቱ አንጀት ተረከልኝ። አጎቱ እንዴት እንደሆኑ አልጠየቅሁትም። ፈራሁ።

አመሻሽ ላይ እማዬ በለመደችው ሰዓት እጄን ያዘች።

"አልደወለም?"

"ኔትወርክ የለም።"

"ትናንት ነበር እኮ።"

"ትናንት ነበር።"

እንዲያው ይዛኝ ቆየች።

ረቡዕ

መብራት የለም። ባትሪው ሲያልቅብኝ ሰይድ ዘንድ ሮጥኩ፤ እሱ ጣራው ላይ ሶላር አለው። ሰዓቱን ሰክቶ በርጩማ ሰጠኝ፣ ምንም አልጠየቀኝም። ወሬው ሱቁ ደርሷል ማለት ነው።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የቀረውን ቀን ጓሮ ስመላለስ ዋልኩ። ሰዓቱ ሲንቀጠቀጥ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ባሕር ዛፎቹ ሥር እሮጣለሁ፤ እዚያ ራሴንም እጄንም ሸፍኜ አወራለሁ። ለሚያየኝ ሰው ጤነኛ አልመስልም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዓለም ደወለች። ቀዶ ጥገናው አልቋል። ነቅቷል። ውኃ ስጡኝ ብሏል። ውኃ ስጡኝ ማለቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዛፉን ይዤ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ።

እማዬ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

"ምን ሆነሽ ነው ጓሮ ለጓሮ የምትይው? ሆድሽን ነው?"

"አዎ" አልኳት። ምን ልበላት?

ተነሳች፣ በዳበሳ ጤና አዳም ቀንጥሳ አፍልታ ሰጠችኝ። እስከ ጭላጩ ጨለጥኩት። የታመመው የልጇ ሆድ ሌላ ቦታ ተቀዶ ተኝቷል፣ እኔ እዚህ ባልታመመ ሆዴ መድኃኒት እጠጣለሁ። መረረኝ። ጤና አዳሙ አይደለም የመረረኝ።

"ደሴስ?" አለች በመጨረሻ።

"ሥራ በዝቶበት ነው።"

"ኔትወርክ ነው አላልሽም?"

ኩባያውን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ። እሷም አልደገመችውም።

ሐሙስ

ጠዋት ሰይድ ሱቅ ሰዓቱ ተሰክቶ ሳለ ተደወለ። ጋሼ ምትኩ ናቸው፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም። ጋሼ ምትኩ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፤ ያለ ስልክ ከእብናት የሚጣሩ ነው የሚመስለው። ዛሬ ድምፃቸው ለስልሷል።

"የት ነሽ?"

"ሰይድ ሱቅ ነኝ ጋሼ። ምነው?"

"ምንም። እንዲያው እኔ ቤት ብቅ በይ እስቲ።"

ገባኝ። ሰይድም ገባው፤ ሬዲዮኑን አጠፋ። ሰዓቱን ነቅሎ እሱ አሰረልኝ።

ጋሼ ቤት ዘመዱ ሞልቷል። የንስሐ አባታችንም አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ የጋሼ ሚስት፣ ገና ከደጃፉ አቀፈችኝ። ሌሊቱን ጠንቶበት ንጋት ላይ አረፈ አሉኝ። ውኃ ስጡኝ ብሎ ነበር እኮ አልኩ። ደጋግሜ ይህንኑ ነው ያልኩት። የነገርኳቸው ሁሉ ይመልሱት ይመስል።

አስከሬኑ ነገ ይመጣል። ለእማዬ መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራል፣ መኪናው ሳይደርስ። እስከዚያ እንዳትሰማ። ትንሽ እንዳለቀስኩ እትዬ ጥሩወርቅ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችኝ። "በቃሽ፣ ዓይንሽ ያብጥና ታውቅብሻለች። ግቢና በደንብ አብያት። ከነገ ጀምሮ እህል አትቀምስም።"

ደንቡን አውቃለሁ። ሰው መርዶውን ብቻውን፣ ባዶ ሆዱን፣ የሚደግፈው ትከሻ ሳይኖር አይሰማም። ደግ ደንብ ነው። ግን ጠላኋቸው። ደግነቱን ለእናቴ አደሉና ውሸቱን ለእኔ አሸከሙኝ። ወንድሜ ሞቶ ምን ልሥራላት እያልኩ ገበያ ለገበያ ሄድኩ። ሰዓቱን ላጥፋው ስላቸው ጋሼ አይሆንም አሉ፤ የሚመጡበትን ሰዓት ይነግሩኛል። ድምፁን ልቀንሰው ይገባኝ ነበር። ሐሳቤ ከእኔ ጋር አልነበረም።

ቂንጬ በቅቤ ሠራሁላት። እስኪበስል እግሯን ልጠባት ብዬ ሞቅ ያለ ውኃ አቀረብኩ። እጄ በሳሙና ተለውሶ ሳለ ያ የተረገመ ነገር ጮኸ።

"ደሴ ነው!" አለች።

እኔ ሳልደርስባት እጄን አፈፍ አደረገች፣ በአውራ ጣቷ ከፈተችው፣ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ውዴ ናት፣ ጎንደር ያለችው የአክስታችን ልጅ። "ወይኔ ደሴን! ወይኔ ወንድሜን! ቀብሩ ነገ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" ብሳብ እጄ አይወጣልኝም፤ እማዬ አጥብቃ ይዛዋለች። ከዚያ ለቀቀችኝ። ሰዓቱን ውኃው ውስጥ ብነክረው እንኳ አልዘጋ አለ፤ ውዴ ውኃ ውስጥም ታለቅሳለች። ከብዙ መከራ በኋላ ዘጋሁት።

እማዬ እግሯን ወደ እኔ ዘረጋች።

"አይሰማም። ይንሿሿል። ኔትወርክ የለም" አለች። "ጨርሺልኝ፣ ውኃው ሳይቀዘቅዝ።"

አጠብኳት። ቂንጬውን አቀረብኩላት። በላች። "ጨምሪልኝ" አለችኝ። ጨመርኩላት፣ ጥርግ አድርጋ በላች።

ሰማች ወይስ አልሰማችም? ጆሮዋ የድመት ነው። ግን የሰማ ሰው እንዴት ይበላል? ሰዓቱን ፈትቼ የገብስ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። ጋሼ ቢደውሉም ይደውሉ። ውዴን ባገኛት ምላሷን ነበር የምቆርጠው። እሷም ምን ታድርግ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ስልክ የደወለች መስሏት ነው።

አርብ

ቀበርነው። ሌላ መጻፍ አልችልም።

እሑድ

ዛሬ ሠልስት ነበር። ድንኳኑ ገና አለ፣ ሰዉ ግን ሳሳ። አርብ ያልቻልኩትን ልጻፍ።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስነሳ እማዬ ከእኔ ቀድማ ተነስታለች። ፀጉሯን ሸፍናለች፣ ነጭ ነጠላዋን እንደ ወትሮው ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ያየሁት ሌላም ነገር አለ፤ በርጩማና አግዳሚው ሁሉ ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል፣ ቁርበቱ ተነጥፏል። ማን እንዳደረገው የሚጠየቅ አይደለም። ማታ ስተኛ እንደዚያ አልነበረም።

የንስሐ አባታችን ፊት ገቡ፣ ጋሼ ምትኩ ተከተሉ፣ ከዚያ እነ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጎረቤቱ። "እንዴት አደርሽ?" "እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ። ምነው በማለዳው፣ በደኅና ነው?" መስቀላቸውን ይዘው የተናገሩት አባ ናቸው። ቃሉ እንደወጣ እማዬ ብድግ አለች። ለቅሶ ብዙ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም አሁን የሰማች መሰላቸው።

ዛሬ ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን ጠራችኝ።

"ሐሙስ ሰምቻለሁ" አለች።

ይቅር በይኝ ልላት ስጀምር በእጇ አፌን ያዘችኝ።

"ዝም በይ። አባትሽ የሞተ ጊዜ ካህንና ሽማግሌ ገብተው፣ ተቀምጠው ነው የነገሩኝ። ልጄ ከማን ያንሳል? የልጄ ሞት በእጅ ሰዓት አይነገረኝም። ስለዚህ አልሰማሁም።"

"ታዲያ እንዴት በላሽ?"

"አንቺስ የሠራሽልኝ ለዚያ አይደል? እኔም ስንቷን አብልቻለሁ፣ መርዶዋን ሳታውቅብኝ። ባልበላ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ነገሩም ይበላሻል።"

ወደ ግድግዳው ዞረች።

የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። መርዶን ሰው ብቻውን አይያዝ ተብሎ ያ ሁሉ ደንብ ተሠራ፣ ያ ሁሉ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ያ ሁሉ ውሸት ተዋሸ። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ይዛው አደረች። አጠገቧ ተኝቼ። እያንዳንዳችን ሌላዋ እንዳትሰማብን እያልን ትንፋሻችንን ውጠን። እኔ አቅፌያት ማልቀስ የምችልበት ሌሊት ነበር። እሷም።

ሰይድ ድንኳኑ መጥቶ ነበር። ከሰዉ ጋር ተቀምጦ ቆየ፣ ሲወጣ ወደ ጥግ ጠርቶኝ ትንሽ ካርቶን እጄ ላይ አኖረ። "ዕቃው ገባ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ጆሮ ማዳመጫው ነው። ልክፈል ብለው ተቆጣኝ። "አላህ ያጽናሽ" ብሎኝ ሄደ። ካርቶኑን አልከፈትኩትም። ለማን ብዬ?

አመሻሽ ላይ፣ በዚያች በለመደችው ሰዓት፣ እማዬ "ሰዓቱን አምጪው" አለች። ከገብሱ ውስጥ አወጣሁት። ጠፍቷል። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፣ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል።

"እሰሪው።"

አሰርኩት። እጄን በዳበሳ ፈልጋ ያዘች፣ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። እኔም እንደ ወትሮዬ አጎነበስኩ።

"ባትሪ የለውም እኮ እማዬ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ትንሽ ቁሚልኝ።"

ቆምኩላት።